ከሰገነቱ የታየው ችሎት

ፍርዱ ተነቧል። ተከሳሹን ወስደውታል። ነጮቹ ታዳሚዎች ከታችኛው አዳራሽ ወጥተው አልቀዋል። ጠበቃው ብቻውን ቀርቶ በጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ይሰበስባል። ጥቁሮቹ ግን ከላይ፣ ከሰገነቱ ላይ ንቅንቅ አላሉም። ጠበቃው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሲያመራ አንድ በአንድ ይነሣሉ። በእነርሱ መካከል ወለሉ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጭ ሕፃን አለች፤ የጠበቃው ልጅ ናት። አጠገቧ ያሉት ፓስተር አባቷ እያለፈ መሆኑን ነግረው እርሷም እንድትነሣ ያዝዟታል። ጠበቃው ቀና ብሎ ሳያያቸው ይወጣል።

ለሰው ከመቀመጫ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ እኛን ማስረዳት አያስፈልግም። ገና ሲናገሩት የሚገባን ክብር ነው። የሚያስገርመው ሕዝቡ የተነሣለት ሰው ተሸንፎ የሚወጣ መሆኑ ነው። ደንበኛው ቶም ሮቢንሰን ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበታል፤ ጥቂት ቆይቶም ይሞታል። ያ ትዕይንት ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው ሲያስለቅስ ኖሯል። ለምን እንደሚያስለቅስና ያ ልቅሶ ምን እንዳደረገ፣ ምንስ እንዳላደረገ፣ የአንድ ፊልምንና የአንዲት ትንሽ ከተማን ታሪክ ተከትዬ ልመርምር። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊልሙ በ1962 የተሠራው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። ሞኪንግበርድ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳች የምትዘምር፣ ማንንም የማትጎዳ ወፍ ናት፤ እርሷን መግደል ኃጢአት ነው ይባላል። መነሻው ሃርፐር ሊ በ1960 ያሳተመችውና በ1961 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ልብ ወለድ ነው። ሮበርት ሙሊጋን ዳይሬክት አደረገው፤ አላን ፓኩላ ፕሮዲውሰር ሆነ፤ ሆርተን ፉት የፊልም ጽሑፉን አዘጋጀ። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1930ዎቹ፣ ሜይኮም በተባለች የአላባማ ከተማ ነው። አቲከስ ፊንች ሚስቱ የሞተችበት፣ ጄምና ስካውት የሚባሉ ሁለት ልጆቹን የሚያሳድግ ጠበቃ ነው። አንዲት ነጭ ወጣት ደፍሮኛል ብላ የከሰሰችውን ጥቁር የቀን ሠራተኛ እንዲከላከል ዳኛው ይመድበዋል።

ሜይኮም የተቀዳችበት ከተማ

ሜይኮም በካርታ ላይ የለችም። የተቀዳችው ሃርፐር ሊ ከተወለደችበትና በ2016 ካረፈችበት ከሞንሮቪል ነው። አባቷ አማሳ ኮልማን ሊ ጠበቃ ነበሩ። በ1919 ነጭ ባለሱቅ ገድላችኋል የተባሉ ሁለት ጥቁሮችን፣ አባትና ልጅን፣ እንዲከላከሉ ተመደቡ። ሁለቱም ተሰቀሉ። ሰውየው ከዚያ በኋላ የወንጀል ጉዳይ ይዘው አልቆሙም። የአቲከስ ፊንች ሥረ መሠረት ይህ ነው፤ ከድል የተነሣ ጀግና ሳይሆን ሁለት ሬሳ ያየ ጠበቃ። የፊልሙ አቲከስ ፊት ላይ የማያቋርጥ ድካም የሚነበበው፣ ችሎት ሲገባም የተስፋ ሰው የማይመስለው ከዚህ ይመስለኛል።

ደራሲዋ ሕፃን ሳለች፣ በ1933፣ ዋልተር ሌት የሚባል ጥቁር ሰው በዚያው አካባቢ ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ ታሰረ፤ በ1934 ሞት ተፈረደበት። ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነጮች ጭምር ለአገረ ገዥው አቤት አሉ። ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት። ምሕረት የተባለው ይህ ነበር። ሰውየው በ1937 እስር ላይ እንዳለ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በዚያው ግዛት በ1931 ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ከባቡር ወርደው በሁለት ነጭ ሴቶች ክስ ታስረዋል። ስምንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞት ተፈረደባቸው፤ በኋላ ከከሳሾቹ አንዷ ቃሏን ብታጥፍም የወጣቶቹ እስር ለዓመታት ቀጠለ። የስኮትስቦሮ ጉዳይ የሚባለው ነው። አላባማ የመጨረሻዎቹን ተከሳሾች ስም በይቅርታ ያነጻችው በ2013 ነው፤ ያኔ በሕይወት የነበረ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ስለዚህ ቶም ሮቢንሰን የአንድ ሰው ምስል አይደለም። በዚያ ምድር «ነጭ ሴት ነካ» የሚለው ቃል ብቻ ገመድ የሚያስመጣባቸው ሰዎች ሁሉ ምሳሌ ነው። ብዙዎቹ ችሎት እንኳ አልደረሱም፤ በደቦ ፍርድ ዛፍ ላይ ቀሩ።

ከልጅ ቁመት

የፊልም ሠሪዎቹ ሞንሮቪል ድረስ ሄደዋል፤ ከተማዋ ግን ተለውጣ ስለነበር እዚያ አልቀረጹም። የጥበብ ክፍሉ ባለሙያ ሄንሪ በምስቴድ የድሮውን ፍርድ ቤት ተመልክቶና ለክቶ ሆሊውድ ውስጥ አምሳያውን ሠራው፤ የእንጨት ሰገነቱ፣ የዳኛው ወንበር፣ ረጃጅም መስኮቶቹ ሁሉ እንዳሉ። ለሜይኮም መንደር ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊፈርሱ የነበሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶችን ገዝተው በስቱዲዮው ግቢ አቆሙ። በቀለም መቅረጽ ይቻል ነበር፤ ጥቁርና ነጭን መረጡ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርጫቸው ግን ካሜራው የቆመበት ከፍታ ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በአንዲት ሕፃን እጅ ነው። የድሮ የሲጋራ ሣጥን ትከፍታለች፤ ውስጡ ባለቀለም እርሳሶች፣ ብይ፣ የኪስ ሰዓት አለ። እያንጎራጎረች ወፍ ትስላለች፤ መልሳም ወረቀቱን ትቀደዋለች። ሙዚቃውን የደረሰው ኤልመር በርንስታይን ለሳምንታት መግቢያ አጥቶ ተቸግሮ ነበር። በመጨረሻ ነገሩ በልጅ ዓይን የሚታይ ዓለም መሆኑ ሲገባው፣ ሕፃን በአንድ ጣት እንደምትነካካው ዓይነት የፒያኖ ድምፅ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ የልጅ ቁመት ላይ ይቀመጣል፤ አዋቂዎችን ሽቅብ ያያል፤ የሚንሾካሾኩትን በበር ቀዳዳ ይሰማል።

አቲከስን ሆኖ የተጫወተው ግሪጎሪ ፔክ ራሱ ይህን ወዲያው አልተቀበለውም። የመጀመሪያውን ቅንብር ካየ በኋላ የልጆቹ ትዕይንት በዝቷል፣ የአቲከስ ድርሻ አንሷል ብሎ ቅሬታውን በጽሑፍ አቅርቧል። አንዳንዱ ተሰምቶለታል። ሙሉ በሙሉ ተሰምቶለት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ጥሩ የፍርድ ቤት ፊልም ብቻ ነበር። ልጅ የአገሩን ያልተጻፈ ሕግ ገና አልተማረም፤ ስለዚህ ይጠይቃል። አዋቂ የለመደው ግፍ ለልጅ ማብራሪያ ያስፈልገዋል፤ ማብራሪያ ሲፈለግለት ደግሞ ነውሩ ይገለጣል።

የእስር ቤቱን ደጃፍ ትዕይንት ውሰዱ። አቲከስ ወንበርና መብራት ይዞ፣ መጽሐፍ እያነበበ፣ ቶም የታሰረበትን በር በሌሊት ይጠብቃል። ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው በመኪና ይመጣሉ። እኛ ዘንድ «በሕግ አምላክ» ማለት አለ፤ በጥንቱ ልማድ ይህ ቃል የተነገረው ሰው እግሩን ከመሬት አያነሣም ይባላል። አቲከስ ያንን በሚመስል ቃል ሊያቆማቸው ይሞክራል፤ አይሳካለትም። የሚያቆማቸው የስካውት ሰላምታ ነው። ከመካከላቸው ሚስተር ከኒንግሃምን ትለያለች፤ ለአባቷ የጥብቅና ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ለውዝ ይዞ የሚመጣው ድሃ ገበሬ ነው። በስሙ ትጠራዋለች፤ ስለ ልጁ ትጠይቀዋለች፤ ሰላም በልልኝ ትለዋለች። ሰውየው ባርኔጣው ሥር አንገቱን ይደፋል። ከዚያም ጓደኞቹን ይዞ ይመለሳል።

እንደ እኔ ከፊልሙ ሁሉ የሚያምረውም የሚያሳስበውም ትዕይንት ይህ ነው። ስለ ቤተሰብ የተጠየቀ ሰው መንጋ ሆኖ መቆም እንደሚከብደው እውነት ነው። ነገር ግን ችሎቱ ሲከፈት በጁሪ፣ ማለትም ከነዋሪው ተመርጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው በሚወስኑት ሰዎች፣ ወንበር የሚቀመጡት የእነዚያው ገበሬዎች ወገኖች ናቸው፤ ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ የሚሉትም እነርሱ ናቸው። ሌሊት ያፈረ ሰው ቀን ላይ በሕግ ስም ያንኑ አደረገ። ፊልሙ ይህን በግልጽ አይናገረውም፤ ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የተመልካቹ ሥራ ነው።

«አዘንኩላት»

በችሎቱ የቀረበው ማስረጃ ቀላል ነው። ከሳሿ ማዬላ ዩዌል የተመታችው በፊቷ በቀኝ በኩል ነው፤ ፊት ለፊቷ ቆሞ የመታት ሰው ግራኝ መሆን አለበት ማለት ነው። አቲከስ አባቷን ቦብ ዩዌልን ስሙን እንዲጽፍ ይጠይቀዋል፤ በግራ እጁ ይጽፋል። ቶምን ብርጭቆ ሲወረውርለት በቀኙ ይቀልባል። ግራ እጁ በልጅነቱ በጥጥ መዳመጫ ማሽን ተይዞ ስለተጎዳ አይሠራም። እውነቱ ለሕፃናቱም ግልጽ ነው። ወጣቷ ብቸኛና ድሃ ነበረች፤ አላፊ አግዳሚውን ቶምን ለሥራ እየጠራች ታዋራው ነበር፤ አንድ ቀን ሳመችው፤ አባቷ በመስኮት አያት፤ ደበደባት።

ዐቃቤ ሕጉ በመስቀለኛ ጥያቄ ቶምን ይጠይቀዋል፤ ያለ ክፍያ ቁም ሣጥን የምትሰባብርላት፣ እንጨት የምትፈልጥላት ስለምንድን ነው? ቶምን ሆኖ የሚጫወተው ብሮክ ፒተርስ ይህን መልስ ሲመልስ ፊቱን ማየት ያስፈልጋል። ከባድ ሰው ነው፤ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል፤ እንባው እየወረደ ነው። ዓይኖቹ ወደ ዳኛው፣ ወደ ጁሪው፣ ወደ ጠበቃው ይንከራተታሉ። የትኛው እውነት እንደሚያድነው፣ የትኛው እንደሚገድለው የሚመዝን ሰው ዓይን ነው። ከዚያ አዘንኩላት ይላል።

አዳራሹ ዝም ይላል። ዐቃቤ ሕጉ ቃሉን መልሶ ያነሣዋል፤ አንተ ለእርሷ አዘንክላት? ጉዳዩ ያበቃለት እዚህ ላይ ነው። የግራ እጁ ነገር፣ የሐኪም አለመጠራቱ፣ የአባትየው ጠባይ ሁሉ ከዚህ በኋላ ዋጋ የለውም። ማዘን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነውና፣ ጥቁር ሰው ለነጭ ሴት ካዘነ ከእርሷ በላይ ቆሟል ማለት ነው። በሜይኮም ከደፈራ የሚብሰው ወንጀል ይህ ነበር። አንድ ሰው በደግነቱ ምክንያት የሚፈረድበት ችሎት ይህን ያህል ጥርት ብሎ የተሣለበት ሌላ ፊልም አላውቅም።

ፔክ እንደተናገረው ፒተርስ ሲመሰክር ፊት ለፊት ሊያየው አልቻለም፤ ሲቃ እንዳይዘው ከትከሻው አልፎ ወደ ኋላ ይመለከት ነበር። ለፔክ የተሰጠው ኦስካር ይገባዋል፤ የመዝጊያ ንግግሩን ማንም አይረሳውም። እኔ ግን ፊልሙን በድጋሚ ሳይ የምጠብቀው ንግግሩን ሳይሆን የፒተርስን ፊት ነው።

በዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቶሎ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ። አቲከስ ከሳሿን «ወይዘሪት ማዬላ» እያለ ይጠራታል። እርሷም አክብሮት ለምዶባት ስለማያውቅ ያላገጠባት ይመስላታል፤ በመጨረሻም በወይዘሪትህ ምን ሊፈይድልኝ ብላ ትጮኽበታለች። ደንበኛውን ግን «ቶም» ነው የሚለው፤ ቶም ደግሞ «ሚስተር ፊንች» ይለዋል። እኛ አንተና እርስዎን የምንለይ ሕዝቦች ይህን ስንሰማ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ደጉ ጠበቃ እንኳ የአገሩን ሚዛን በምላሱ ተሸክሞ ይኖራል። ነገሩ የጨዋነት ጥያቄ ብቻ አልነበረም። በ1963 በአላባማ አንድ ችሎት ላይ ሜሪ ሃሚልተን የተባለች የመብት ታጋይ ዐቃቤ ሕጉ በስሟ ብቻ «ሜሪ» ብሎ ሲጠራት፣ ወይዘሪት ሃሚልተን ካላለኝ አልመልስም አለች። ችሎት ደፍረሻል ተብላ እስራትና መቀጮ ተፈረደባት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1964 ፍርዱን ሻረው።

የበርሚንግሃም ልጆች

ፊልሙ በ1930ዎቹ የተፈጸመ ታሪክ ቢያወራም ለተመልካቹ የዛሬ ወሬ ነበር። ለሽልማት ውድድር በታኅሣሥ 1962 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ ታየ። በጥር 1963 ጆርጅ ዋላስ የአላባማ አገረ ገዥ ሆኖ ሲሾም የዘር መለያየት ለዘላለም እንደሚኖር በአደባባይ አወጀ። ሚያዝያ 3 ቀን ማርቲን ሉተር ኪንግና ባልደረቦቹ በበርሚንግሃም ዘመቻቸውን ጀመሩ። ሚያዝያ 8 ቀን ፔክ ኦስካሩን ተቀበለ፤ በኪሱ የያዘው ሰዓት የሃርፐር ሊ አባት ሰዓት ነበር፤ አዛውንቱ ፊልሙ ሲቀረጽ ስለሞቱ ልጃቸው ለእርሱ ሰጥታዋለች። ፊልሙ ለስምንት ኦስካር ታጭቶ ሦስት ወሰደ፤ የዋና ተዋናይ፣ የፊልም ጽሑፍና የጥበብ ዝግጅት።

ስካውትና ጄም ሆነው የተጫወቱት ሜሪ ባድሃምና ፊሊፕ አልፎርድ የበርሚንግሃም ልጆች ናቸው። ባድሃም በ10 ዓመቷ ለኦስካር ታጨች። ከሽልማቱ ምሽት አንድ ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት መጀመሪያ፣ ከእነርሱ እኩያ የሚሆኑ የበርሚንግሃም ጥቁር ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ውሻ ለቀቀባቸው፤ የእሳት አደጋ ውኃ ተረጨባቸው፤ በጅምላ ታሰሩ። አንዷ ከተማ ለዓለም ሁለት ዓይነት ሕፃናት ሰጠች። የነጮቹን ፊት በፊልም፣ የጥቁሮቹን በዜና ማሰራጫ አየን።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አንድ ቀን አለ። በሚያዝያ 29 ቀን 1963፣ ፔክ ኦስካሩን በወሰደ በሦስተኛው ሳምንት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጆንሰን እና በቨርጂኒያ ጉዳይ በችሎት አዳራሽ ውስጥ ጥቁርና ነጭን ለይቶ ማስቀመጥ ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ። ጆንሰን ሪችመንድ ውስጥ በትራፊክ ችሎት ለጥቁሮች ወደተከለለው ወንበር ተዛወር ሲባል እምቢ ያለ ነው። ስለዚህ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ በዚያ ሰገነት ሲያለቅስ፣ ሰገነቱ ገና ታሪክ አልሆነም ነበር።

ፊልሙ የሸሸው ነገር

ፊልሙን እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም የሸሸውን መናገር አለብኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ቶም ከእስር ቤት ሊያመልጥ ሲሞክር ተገደለ ይባላል፤ በሬሳው ላይ የተቆጠረው 17 ጥይት ነው። አንዲት እጁ የማትሠራ ሰው ለማቆም 17 ጥይት! በፊልሙ ግን ይህ ቁጥር የለም። የምንሰማው ፖሊሱ ሊያቆስለው ተኩሶ ዒላማውን እንደሳተ ነው። ግድያው ስህተት ሆነ፤ ማንም የማይጠየቅበት መከራ ሆነ። ቶም ሲሞት አናየውም፤ ዜናውን የምንሰማው በአቲከስ አፍ፣ የምናየውም የአቲከስን ሐዘን ነው።

ደግሞ ልጆቹ ከቤት ሠራተኛቸው ከካልፑርኒያ ጋር ወደ ጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት ምዕራፍ በፊልሙ የለም። በመጽሐፉ ምዕመናኑ ለቶም ሚስት ገንዘብ የሚያዋጡት እዚያ ነው፤ ፓስተሩ በር ዘግተው ገንዘቡ ሳይሞላ ማንም አይወጣም የሚሉበት። እርስ በርሱ የሚደጋገፍ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው ሕዝብ የሚታይበት ቦታ ነው። እርሱ ሲቀር ጥቁሮቹ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ሲሰቃዩና ሲነሡ ብቻ ሆነ። ልጆቹ በሰገነቱ ላይ በመካከላቸው ተቀምጠው፣ ካሜራው ወደ ታች፣ ወደ ነጩ ጠበቃ ያያል። አጠገባቸው ያለው ሰው በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያስብ ለመጠየቅ አንድም ጊዜ ዞር አይልም።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያደጉ የእኛ ልጆችም መጽሐፉን በክፍል ይገናኙታል። ጥቁሮችን የሚያዋርደው ቃል በመጽሐፉ ተደጋግሞ ስለሚገኝ፣ በክፍል ሲነበብ ዓይን ሁሉ ወደ ጥቂቶቹ ጥቁር ተማሪዎች ይዞራል። በ2017 በሚሲሲፒ የቢሎክሲ፣ በ2018 በሚኒሶታ የዱሉዝ ትምህርት ቤቶች ከግዴታ ንባብ ያወጡት ይህን በመሰለ ቅሬታ ነው። ማገዱን አልደግፍም። የዚያን ተማሪ ቅሬታ ግን ፊልሙ ራሱ የፈጠረው ነው ብዬ አምናለሁ፤ በሰገነቱ አስቀምጦ የሰገነቱን ሰው አፍ ስላልሰጠው።

ሞንሮቪል ራሷ

ፊልሙና መጽሐፉ ሞንሮቪልን ታዋቂ አደረጓት። የድሮው ፍርድ ቤት ሙዚየም ሆነ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየዓመቱ በጸደይ የከተማዋ ነዋሪዎች ታሪኩን በመድረክ ይጫወቱታል፤ የፍርድ ቤቱ ክፍል የሚቀርበው በእውነተኛው አዳራሽ ሲሆን፣ ጁሪ ሆነው የሚቀመጡት ከተመልካቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ናቸው። ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ያለቅሳል።

በእነዚያው ዓመታት ዋልተር ማክሚሊያን የሚባል የዚያ አካባቢ ጥቁር የእንጨት ቆራጭ በአላባማ የሞት ፍርደኞች ማረፊያ ነበር። በኅዳር 1986 በሞንሮቪል አንዲት ነጭ ወጣት በሥራ ቦታዋ ተገደለች። ማክሚሊያን በግድያው ሰዓት በቤቱ ለቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ማሰባሰቢያ ዓሣ እየተጠበሰ፣ ከብዙ ሰዎች ጋር ነበር። የመሰከሩለት በአብዛኛው ጥቁሮች ስለነበሩ አልታመኑም። ከአንዲት ነጭ ሴት ጋር ግንኙነት እንደነበረው በከተማው ይታወቅ ነበር። በ1987 ታሰረ፤ ገና ሳይፈረድበት ከሞት ፍርደኞች ጋር አኖሩት። በ1988 የቀረበበት ችሎት የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። 11 ነጮችና አንድ ጥቁር የተቀመጡበት ጁሪ ጥፋተኛ ብሎ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር ሐሳብ አቀረበ፤ ዳኛው ግን የጁሪውን ሐሳብ ሽረው ሞት ፈረዱበት። ወጣቱ ጠበቃ ብራያን ስቲቨንሰን ጉዳዩን ይዞ ደከመ። ዋናው ምስክር በግፊት ዋሽቻለሁ አለ፤ የተደበቀ ማስረጃ ወጣ። ማክሚሊያን በመጋቢት 1993 ነጻ ወጣ። ከሞት ጋር ተፋጥጦ ስድስት ዓመት ገደማ ኖሯል።

ስለ ማክሚሊያን ሳነብ የያዝኩትን አስቀምጬ የተነሣሁበትን ቀን አልረሳውም። ከተማዋ ታሪኩን ታውቀዋለች፤ በቃል ትጫወተዋለች። በዚያው አውራጃ የቶም ሮቢንሰን ታሪክ ከመድረክ ውጭ በደሙና በሥጋው ሲደገም ግን አላወቀችውም። ወይም አውቃዋለች፣ ግን የታሪኩ ጀግና አቲከስ ስለሆነ እያንዳንዱ ተመልካች ራሱን በአቲከስ ቦታ አስቀምጧል። ፊልሙ በጁሪው ወንበር እንድንቀመጥ አስገድዶን አያውቅም።

በ1997 የአላባማ ጠበቆች ማኅበር በሞንሮቪል ለአቲከስ ፊንች የመታሰቢያ ድንጋይ አቆመ፤ ማክሚሊያን ከተፈታ አራት ዓመት ሆኖታል። በነገራችን ላይ ጠበቆቹ በዚህ ሰው ላይ እኩል አይስማሙም። በ1992 የሕግ መምህሩ ሞንሮ ፍሪድማን አቲከስ ጉዳዩን የያዘው ፈልጎ ሳይሆን ተመድቦ መሆኑን፣ በየቀኑ የሚገባበትን የተከፋፈለ ፍርድ ቤት አንድም ቀን እንዳልተቃወመ ጽፎ ብዙ ጠበቆችን አስቆጣ። በ2015 ደግሞ የሃርፐር ሊ ሌላ የእጅ ጽሑፍ ታተመ፤ በእርሱ ውስጥ ያረጀው አቲከስ የዘር መለያየትን ይደግፋል። ልጆቻቸውን አቲከስ ብለው የሰየሙ ወላጆች ደነገጡ። እኔ አልደነገጥኩም፤ ደንበኛውን «ቶም» ብሎ የጠራው ያው ሰው ነው። የፍሪድማንን ትችት በአብዛኛው ትክክል ነው እላለሁ፤ ግን ተመድቦ የተቀበለውን ሥራ እስከ መጨረሻው ያልሸሸ ሰውም ቢሆን በሜይኮም ብርቅ እንደነበር መርሳት አይገባም።

ፊልሙ በ1995 በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ከሚቆዩ ፊልሞች ጋር ተመዘገበ። በሰኔ 2003 የአሜሪካ የፊልም ተቋም አቲከስ ፊንችን በፊልም ታሪክ ከታዩ ጀግኖች ሁሉ አንደኛ አለው። በዚያው ወር በ12ኛው ቀን ግሪጎሪ ፔክ በ87 ዓመቱ አረፈ።

የቀብሩ ሥርዓት በሎስ አንጀለስ ካቴድራል ተፈጸመ። የስንብት ንግግር ካደረጉት አንዱ ብሮክ ፒተርስ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ቶም ሮቢንሰን በጎን በር ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አንሰማም፣ ፊቱንም አናይም። በዚያ ቀን ግን ፒተርስ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ያ ወፍራም ድምፁ እንዳለ፣ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ጠበቃው ተናገረ። ሰው ሁሉ ተቀምጦ አዳመጠው።